የሩቅያ ተልባ

ሩቅያ ያረፈች ዕለት ወንድሟ ከአርሲ ነገሌ የደወለው ለእናቴ ነው። የእኔም ቁጥር ነበረው፤ ሐኪም ቤት ያመላለስኳት እኔ ነኝና ስንት ጊዜ ደውሎ «ዛሬስ እንዴት ዋለች?» ብሎኛል። ለመርዶው ግን የመረጠው እናቴን ነው። እናቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ደፉ ላይ ቁጭ አለችና «ልጄን! ልጄን!» ብላ ጮኸች። ጎረቤቱ እኔ የሞትኩ መስሎት ግቢውን ሞላው። ከኋላዋ ቆሜ ሲያዩኝ ግራ ተጋቡ፤ አንዷማ ደረቷን ይዛ «አንቺ አለሽ እንዴ?» አለችኝ። አለሁ አልኳት።

ስለ ሩቅያ ሳወራ ቅናቴን ደብቄ ላውራ ብል አይሆንልኝም። ሰው የማይረሳውን ሰው ሲያነሳ «ደግ ነበር፣ ሩኅሩኅ ነበር» ይላል። እሷም ደግ ነበረች። እኔ ግን የማልረሳት በገዛ እናቴ ቤት ሁለተኛ ልጅ ስላደረገችኝ ነው። እናቴ የወለደችው እኔን ብቻ ነው። ብቸኛ ልጅ ሆኖ ሁለተኛ መውጣት እንዴት እንደሚቻል የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ሩቅያ የግቢያችን ተከራይ ነበረች። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችውን ሰርቪስ ታከራያለች፤ ሩቅያ የመጣችውም እኔ ከባሌ ተፋትቼ ወደ አዳማ በተመለስኩበት ሰሞን ነው። የአርሲ ነገሌ ልጅ፣ የእህል ነጋዴ ናት። ስንዴና ገብስ ከአገሯ በአይሱዙ እያስጫነች ገበያ ውስጥ ባለው መጋዘኗ ታራግፋለች። ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ ሳቋ ከአጥር ውጭ የሚሰማ፣ ደላላ የማትፈራ ሴት ነበረች። እህል ስትገዛ ከጆንያው አንዲት ፍሬ አውጥታ በፊት ጥርሷ ትሰብርና ዝም ትላለች፤ ዝምታው ሲረዝም ሻጩ ጨንቆት ዋጋውን ራሱ ይቀንሳል። «እኔ ምን አልኩ? ጥርሴ ነው የተናገረው» ትል ነበር።

እናቴን መጀመሪያ «እርስዎ» ነበር የምትላት። ወር ሳይሞላ እናቴ «አንቺ በይኝ፣ አታስረጂኝ» አለቻት። ከዚያ «ሃርሜ» ሆነች፤ በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው። እናቴ የመንዝ ሰዎች ልጅ ናት፣ ኦሮምኛዋም ከገበያ የለቀመችው ነው፤ ያቺ ቃል ከጀርባ ቤት በተሰማች ቁጥር ግን «ወዬ ልጄ» ብላ ብድግ ትላለች። እኔ «እማዬ» ስላት መልሷ «ደግሞ ምን ፈለግሽ?» ነው።

ከእኛ ጋር ጥቂት ዓመት እንደኖረች አንገቷ ላይ እብጠት ወጣ። ሲመረመር ካንሰር ሆነ። አዲስ አበባ እየተመላለሰች የካንሰሩን መርፌ ወሰደች፣ ከዚያም አንገቷ ላይ የጨረር ሕክምና ተደረገላት። ቆዳዋ ጠቁሮ፣ ምራቋ ደርቆ፣ ውኃ ለመዋጥ እያለቀሰች ወንድሞቿ ቤት ጥቂት ሰነበተችና ወደ እኛ ተመለሰች። ከቤተሰቧ ይልቅ የኪራይ ቤቷን ለምን እንደመረጠች ያኔ አልገባኝም። ኋላ ሐኪሞቹ በሽታው ጠፍቷል አሏት። እናቴ ለካ ተስላላት ኖሯል፤ ጃንጥላ ይዛ ሄዳ ስለቷን አገባች። እኔ ማትሪክ ስፈተን እንኳ አልተሳለችልኝም።

ዓመት ከምናምን ቆይቶ ሌላ ነገር መጣ። በሚያዝያ፣ አዳማ ላይ ሰው ጥላ ፍለጋ ግድግዳ በሚጠጋበት ወር፣ ሩቅያ ሹራብ ደርባ መቀመጥ ጀመረች። ፊቷ አበጠ፣ ሰውነቷ ወፈረ፣ ጸጉሯ በማበጠሪያው እየመጣ ሳሳ። ያ ድምጿ ሻከረ። በተቀመጠችበት ታንቀላፋለች፣ የደንበኛ ስም ይጠፋታል። የገበያ ሴቶች «ደልቷት ነው» አሉ። እኔም ምክንያቱን የማውቅ መስሎኝ ነበር። ከቤታችን ድስት የመጀመሪያው ጭልፋ ወደ ጀርባ ቤት ሲሄድ በዓይኔ አይ ነበርና፣ እናቴ እያበላች ያወፈረቻት መስሎኝ በሸቅኩ።

እሷ ግን ትቀልድበት ነበር። ከመናገሯ በፊት እጇን በሻርፗ ሥር ሰድዳ ጉሮሮዋን ትነካለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ትጀምራለች። ከወንበር ለመነሳት ስትታገል «ሰውነቴ ፍሬቻ ያሳያል እንጂ አይታጠፍም» ትለኛለች። ከሻሸመኔ መንገድ ሾፌሮች ጋር የዋለች ሴት ናት፣ ወሬዋ ሁሉ መኪና ነው። ደሟ ተመርምሮ ነገሩ የታወቀ ቀንም ለእናቴ ያስረዳቻት በዚሁ ነው። ጉሮሮ ላይ ታይሮይድ የሚባል ትንሽ ዕጢ አለ፣ የሰውነትን ፍጥነት የሚወስነው እሱ ነው፣ ጨረሩ በሽታውን ሲመታ ሾፌሩንም አብሮ መታው አለቻት። መድኃኒቱ በሾፌሩ ፈንታ የሚነዳ ኪኒን ነው፤ በየጠዋቱ ይዋጣል፣ ማቆሚያም የለውም። «ዕድሜ ልክ ተፈርዶብኛል፣ ይግባኝ የለውም» ብላ ሳቀች። እናቴ አልሳቀችም። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ብላ አለቀሰች። አንዲት ጎረቤታችን እንቅርት የሚለውን ብቻ ሰምታ የሩቅያን አንገት ለማየት መጣች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪኒኑ የእናቴ ሥራ ሆነ። እናቴ ማልዳ ለኪዳን ትነሳለች። ሩቅያ ደግሞ ከሕመሙ እንቅልፍ የተነሳ የሱብሂ ሶላት እያመለጣት ትብሰለሰል ነበር። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከመውጣቷ በፊት የጀርባ ቤቱን በር ታንኳኳና «ሩቄ ተነሺ፣ አምላክሽ ይጠብቅሻል» ትላታለች። ሙስሊሟን ለሶላት ቀስቅሳ እሷ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ትሄዳለች። እኔን ቀስቅሳኝ አታውቅም። አንድ ቀን ለምን ብዬ ብጠይቃት «አንቺን ቀስቅሼ በጠዋት ከማን ጋር ልጣላ?» አለችኝ።

ተልባው የመጣው በዚህ መሃል ነው። ኪኒኑ በባዶ ሆድ ይዋጣል ተብሎ ነበር። ይህን ስትሰማ እናቴ ሰማይ የተደፋባት መሰለች። መድኃኒት በባዶ ሆድ ጨጓራ ይልጣል የሚለውን እኛ ሰፈር የማያምን እናት የለችም፤ የጨጓራ መከላከያው ደግሞ ተልባ ነው። ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ነፍታ ታስቀምጣለች። ጠዋት በማር በጥብጣ፣ ሩቅያ ኪኒኑን እንደዋጠች በላዩ ላይ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ታስጠጣታለች። እስክትጨርስ ቆማ ነው የምታያት። እኔም ጨጓራ አለብኝ። ለእኔም በጥብጪልኝ ስላት «ተልባው ያው መደርደሪያው ላይ ነው፣ እጅ የለሽም?» አለችኝ።

ወራት አለፉ፣ ሩቅያ ግን አልተሻላትም። ደሟ በተመረመረ ቁጥር ውጤቱ ያው ነው። ሐኪሞቹ መጠኑን ከፍ ያደርጉላታል፣ እሷ ሹራቧን አታወልቅም። መጋዘኗን ግማሽ ቀን ብቻ መክፈት ጀመረች፣ ደንበኞቿም እየተንጠባጠቡ ወደ ሌላ ሄዱ። እናቴ ስትጨነቅ ከመሥሪያ ቤት አስፈቅጄ ሐኪሟ ጋ አብሬያት እንድገባ አዘዘችኝ። ሩቅያ የተነገራት ስለማይያዝላት ጆሮ ሁኚላት አለችኝ። ለእኔ የታዘዘልኝ ነገር እንግዲህ የሩቅያ ጆሮ መሆን ነው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ወረቀቱን ደጋግማ አየችና መድኃኒቱ እየተዋጠ ወደ ደም እየገባ አይደለም አለች። ከዚያ በቡና፣ በወተት፣ በአብሽ ወይም በተልባ የሚወስዱ ሰዎች እንዳሉ፣ ያኔ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ሳይሠርግ እንደሚያልፍ አስረዳችን። «አንቺ በምንድን ነው የምትወስጂው?» ብላ ጠየቀቻት።

«በውኃ ብቻ» አለች ሩቅያ።

ዞሬ አየኋት። አፌን ከመክፈቴ በፊት በጠረጴዛው ሥር እጄን ያዘችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። ሐኪሟ ግራ እንደገባት፣ ከኪኒኑ በኋላ ቁርስ አንድ ሰዓት ያህል እንዲቆይ፣ ሌላው ሁሉ ወደ ከሰዓት እንዲዞር አስጠንቅቃ አሰናበተችን።

ባጃጅ ውስጥ እንደገባን ተቆጣኋት። ዛሬውኑ ለእማዬ እነግራታለሁ አልኳት። እንዲያውም የምናገረውን በልቤ እየደረደርኩ ነበር፤ ልጄ ልጄ የምትያት በአንቺ ተልባ ነው የታመመችው ልላት ነው፣ ያውም ፊት ለፊት። ሩቅያ ጉሮሮዋን ነካች።

«አትንገሪያት አስቱ» አለችኝ። «ከጨረር ስመለስ ወንድሞቼ ቤት ኩባያዬ ለብቻው ነበር። ይጋባል ብለው ፈርተው ነው፣ አልፈርድባቸውም። እዚህ ስመጣ ሃርሜ ጠጥታ ያስተረፈችውን ውኃ በዚያው በብርጭቆዋ ሰጠችኝ። ይህቺን ሴት እንዴት አድርጌ ተልባሽ ጎዳኝ ልበላት?»

«እኔ እላታለኋ» አልኳት።

«አንቺማ ትችያለሽ። ትኳረፋላችሁ፣ ማታ አብራችሁ ትበላላችሁ። እኔ ካስቀየምኳት ግን ዕቃዬን ነው የምጭነው።»

ሃርሜ እያለች፣ የመጀመሪያውን ጭልፋ እየበላች፣ ለካ ራሷን የምትቆጥረው እንደ ተከራይ ነው። ደስ አለኝ። አልነግራትም ብዬ ቃል የገባሁላትም ያቺ ንግግሯ ስለጣፈጠችኝ ነው እንጂ ለእሷ አዝኜ አይደለም።

በማግስቱ ያደረገችውን ሳይ ግን እንደገና ተቃጠልኩ። ጠዋት ጠዋት ጨጓራዋ ደህና እንደሆነ፣ የሚያቃጥላት ከገበያ ስትመለስ እንደሆነ፣ ተልባው ወደ አሥር ሰዓት ቢዞርላት ደስ እንደሚላት ለእናቴ ነገረቻት። እናቴ ትንሽ አሰብ አድርጋ «ይሁን» አለች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከገበያ መልስ በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ እሷ ተልባዋን ትጠጣለች፣ እናቴ ምስር እየለቀመች ታወራላታለች። እኔ ከቢሮ ስገባ ወሬው ደርቷል፣ ከየት እንደተነሳ አላውቅም። ሩቅያ በአንድ ውሸት መድኃኒቷን አዳነች፣ የእናቴን ክብር ጠበቀች፣ የቀኑንም ምርጥ ሰዓት ለራሷ አደረገች። ነጋዴ ናት አላልኳችሁም?

ጥቂት ወራት ቆይቶ ሹራቡ ወለቀ። ድምጿ እንደ ድሮው ባይሆንም ሳቋ አጥር መሻገር ጀመረ፣ መጋዘኗም ቀኑን ሙሉ ተከፈተ። ፈጽሞ ዳነች ማለት ግን አይደለም። የመድኃኒቱ መጠን በየጊዜው ይስተካከል ነበር። ሲበዛባት ልቧ ይመታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ሲያንሳት ብርዱና ድብርቱ ይመለሳል። «ዛሬ ማርሹ አልገባም» ትልና በሯን ዘግታ ትተኛለች፣ በማግስቱ ተነስታ ጆንያ ታስቆጥራለች። አታማርርም። እኔ ጉንፋን ሲይዘኝ ሰፈሩ ይሰማል። ታይፎይድ የያዘኝ ጊዜ ሦስት ቀን አጠገቤ ተቀምጣ እርጥብ ጨርቅ ስትቀይርልኝ ሰነበተች። እናቴ ገብታ አየችንና «ሩቄ ደከመሽ፣ ሂጂ ጋደም በይ» አለቻት። የታመምኩት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ገበያ አብረን ስንሄድ አንዲት ቅቤ ሻጭ በዚያ ፀሐይ ጋቢ ተከናንባ አየች። ቆመች። አንገቷን ታክማ እንደሆነ በኦሮምኛ ጠየቀቻት፤ ሴትዮዋ ጋቢዋን ገለጥ አድርጋ በጨረር የጠቆረውን አሳየቻት። ሩቅያ የራሷን ሻርፕ ፈታችና ሁለቱ ጥቁር አንገቶች ገበያ መሃል ተያዩ። ደሟን እንድታስመረምር፣ ታይሮይዷን እንዲያዩላት ራሷ እንድትጠይቅ፣ ዝም ብላ እርጅና ነው እንዳትል ነገረቻት። ከዚያ በኋላ ያቺ ሴት በመጣች ቁጥር ለሩቅያ ቅቤ ታመጣለች፤ ሩቅያም ቅቤውን ለእናቴ ትሰጣለች። ያገኘችውን ሁሉ ለእናቴ ነው የምትሰጠው። ሹራቧንም የሰጠችው ለእሷ ነው። እኔ ለፋሲካ የገዛሁላት ነጠላ ሳጥን ውስጥ እንደታጠፈ አለ፤ ያንን ሹራብ ግን እናቴ ለኪዳን ስትሄድ በየጠዋቱ ትለብሰዋለች። በአዳማ ሙቀት።

ሰፈሩ ሩቅያን ያዳናት የእናቴ ተልባ ነው አለ። ከሌላ ግቢ ሴቶች አወቃቀጡን ሊጠይቁ መጡ። እናቴ «የሐኪም መድኃኒት ነው፣ እኔ ምን አውቃለሁ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። በራሷ ሙያ ስታፍር አይቻት ስለማላውቅ ገረመኝ፣ እርጅና ትሑት አደረጋት ብዬ አለፍኩት።

ካንሰሩ ባለፈው ዓመት ተመለሰ፣ በዚህ ጊዜ ሳንባዋ ላይ። ጉልበቷ ሲያልቅ ወንድሞቿ መጥተው ወሰዷት። አሁን ኩባያ የሚለይ አልነበረም፤ እየተፈራረቁ በእጃቸው ያጎርሷት ነበር። እናቴ ከነጉልበቷ ሕመም እየተመላለሰች ትጠይቃታለች፣ እኔ ጎን ጎኗን እሄዳለሁ። ሩቅያ መናገር ሲያቅታት እንኳ እጇን ወደ ጉሮሮዋ ታነሳ ነበር።

ለለቅሶው ስንደርስ ተቀብራለች። ድንኳኑ ውስጥ ወንድሟ የእናቴን እጅ ስሞ ከሴቶቹ መሃል፣ የሟች እናት ብትኖር በምትቀመጥበት ቦታ አስቀመጣት። ረቡዕ ነበር። ማንም ሳይጠይቃቸው ለእናቴ የጾም አልጫ ሽሮ ለብቻው ሠርተው አቀረቡላት፣ በርበሬ እንደማይስማማት ሩቅያ ነግራቸው ኖሯል። አጠገቤ የተቀመጠች ዘመዳቸው የማን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። የእሳቸው ልጅ ነኝ አልኳት። «እንዴ፣ ከሩቅያ ሌላ ልጅ አላቸው?» አለች።

ይህን ገና ሳልውጠው፣ አብራን ከአዳማ የመጣችው ጎረቤታችን ለለቀስተኛው «ይህን ሁሉ ዓመት ያኖራት የእሳቸው ተልባ ነው እኮ» አለች። ሰው ሁሉ ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ ግን እኔን አየችኝ። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ልጄ የተባለችው ሞታለች፣ እኔን ልጅ ናት ያለ የለም፣ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አላገኝም። «አዎ፣ በእሷ ተልባ ነው» አልኩ። እናቴ አንገቷን ደፋች። በልቤ ዛሬ እንኳ ከሩቅያ አላነስኩም ብዬ ኮራሁ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ ጎረቤታችን ከፊት ነበረች። እናቴ ባቱን አልፈን መቂን እስክንለቅ ድረስ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር።

«የተልባውን ነገር መቼ ልትነግሪኝ ነበር?» አለችኝ።

ክው አልኩ። ታውቂ ነበር ወይ ብዬ ስጠይቃት ነገረችኝ። ተልባው ወደ ከሰዓት ከዞረ በኋላ አንድ ቀን ሩቅያ እህል ልትገዛ ነገሌ ሄዳ ኪኒኑን እናቴ ልትወስድላት ፋርማሲ ገብታ ነበር። ፋርማሲስቱ ለማን እንደሆነ ጠይቆ በተልባ እንዳይሰጧት አደራ አላት። ሰዓቱ ወደ ከሰዓት የዞረው ለምን እንደሆነ የገባት ያን ጊዜ ነው። ሩቅያ አፍራ እንደሆነ ስለተረዳች እንዳታሳፍራት ብላ ምንም ሳትል መውቀጧን ቀጠለች።

«እሷ ሰው ቤት ያለች ልጅ ናት፣ ትፈር» አለች እናቴ። «አንቺ ምን አሳፈረሽ? ወጡ ጨው በዛበት፣ ጫማሽ ቆሸሸ የምትይኝ አንቺ ነሽ። ይህን ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅኩሽ። ማታ ስትገቢ፣ ዛሬ ትነግረኛለች እያልኩ ጠበቅኩሽ። ዛሬ ድንኳን ውስጥ እንኳ በሰው ፊት ዋሸሽልኝ፣ እንደ እንግዳ።»

ቃል አስገብታኝ ነው አልኳት።

«አውቃለሁ። ከእኔ ደብቀሽ የእሷን ምስጢር ያዝሽ። እሱ ነው የከነከነኝ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቀናሁባት። ልጄን ወሰደችብኝ ብዬ።»

ስንት ዓመት ሙሉ አንድ በረንዳ ላይ ሦስታችንም ነበርን።

«እኔም ስቀናባት ነው የኖርኩት» አልኳት።

እናቴ ዞር ብላ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች።

«እሷማ ሄደች» አለች። «እንግዲህ በማን ልንቀና ነው?»

ቆቃ እስክንደርስ ሁለታችንም አለቀስን፣ ሾፌሩም ሬዲዮኑን ዘጋልን።